ለሕግ ሰው መታሰቢያ ልናቆም ገንዘብ አዋጣን፤ ግን ለማን?

የጮቄ ንፋስ (ክሩን የከፈተው) | ማክሰኞ ማታ

ሰላም የመድረኩ ሰዎች። ምክር ፈልጌ ነው፤ ጠብ ካመጣችሁም እችለዋለሁ፣ ሰሞኑን ለምጄዋለሁ።

ጎጃም ውስጥ ካሉት ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ ሕግ የተማርን ልጆች ነን። የቱ እንደሆነ አልጠራም፤ ገና ለግቢው ደብዳቤ አላስገባንም። ከተመረቅን አሥር ዓመት ሞላንና ተሰባስበን "አንድ ነገር ትተንለት እንለፍ" ተባባልን። አንዱ ዛፍ እንትከል አለ፣ አንዱ መጽሐፍ እንግዛ አለ፣ አንዱ እንዲያው በልተን እንለያይ አለ። በመጨረሻ በሕግ ትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ለአንድ ታላቅ የሕግ ሰው መታሰቢያ ይቁም ብለን ተስማማን። ገንዘቡም ተዋጣ። ብዙ አይደለም፤ ለአንድ የደረት ሐውልት ግን የሚበቃ መስሎናል።

እስከዚህ ድረስ ጨዋታ ነበር። "ለማን?" ሲባል የቴሌግራም ቡድናችን የርስት ክርክር ሆነ።

እኔ ያቀረብኩት ሬኔ ዳቪድን ነው። የፓሪስ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር፣ የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን ያረቀቀው ፈረንሳዊ። ምክንያቴን ልንገራችሁ። ጠዋት ችሎት ስገባ በብብቴ የማስገባው የእሱን ሥራ ነው። 3,367 አንቀጽ! ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. ታወጀ፣ መስከረም 1 ቀን 1953 ሥራ ላይ ዋለ። ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ መጣ፣ ደርግ ሄደ፤ የመሬቱ ነገር ተገለበጠ፣ የቤተሰቡ ክፍል ተለወጠ። ውሉ፣ ውርሱ፣ ከውል ውጭ ያለው ኃላፊነት ግን እስከ ዛሬ የሚዳኘው በእሱ ነው። ላሟ የሰው እህል የበላችበት፣ ግንቡ ጎረቤት ላይ የተናደበት፣ አበድሮ የተካደ ሁሉ ዞሮ ዞሮ እሱው ደጅ ይመጣል። ታዲያ አንድ የነሐስ ፊት ይበዛበታል?

ጓደኞቼ "ጎጃም መሬት ላይ ፈረንጅ ልታቆም ነው?" አሉኝ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?


ነገረ ፈጅ | ማክሰኞ ማታ

ወንድሜ፣ ዳቪድን ካቆምክ ባልንጀሮቹን የት ልታደርጋቸው ነው? የ1949ኙን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ያረቀቀው የጄኔቫው ዣን ግራቨን ነው። የንግድ ሕጉን ዣን ኤስካራ ጀመረው፤ ሳይጨርሰው ሞተና አልፍሬድ ዞፍሬ ዳር አደረሰው። የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓቱን ያረቀቀው ደግሞ እንግሊዛዊው ሰር ቻርልስ ማቲው ነው። ሁሉንም ብትደረድራቸው ግቢው የኤምባሲ ድግስ ይመስላል።

ቀልዱን ልተወውና አንድ ነገር ላስታውስ። ሕጉን ፈረንጁ ጓዳው ገብቶ ጽፎ በፖስታ አልላከልንም። ኮሚሽን ነበር፤ ረቂቁ በፈረንሳይኛ ይመጣል፣ አባላቱ ይከራከሩበታል፣ ወደ አማርኛ ይመለሳል፣ ከዚያ ፓርላማ ይገባል። ሐውልት ሲታሰብ ግን ዓይናችን ሁልጊዜ ስሙ ወደሚጠራው ሰው ይሄዳል።


አንቀጽ 3347 | ማክሰኞ ሌሊት

የመድረክ ስሜን ያየ ሰው ዝም እንደማልል ያውቃል። ይህ አንቀጽ ምን ይላል? ሕጉ በሸፈናቸው ጉዳዮች ላይ ቀድሞ የነበረ ደንብ፣ የተጻፈም ይሁን የልማድ፣ ተሽሯል ነው የሚለው። የስንት ዘመን ሥርዓት በአንድ አንቀጽ!

ለሻሪው ሐውልት ልናቆም ነው እንግዲህ። ተሻሪው ደግሞ ከግቢው አጥር ማዶ ዋርካ ሥር ተቀምጦ እስካሁን ሰው ያስታርቃል። እኔ ራሴ ስንት ፋይል ነው "ጉዳዩ በሽማግሌ አልቋል" ተብሎ የተዘጋብኝ። ከሳሼን ስደውልለት "ኧረ ጠበቃው፣ እኛ ታርቀን በግ አርደናል" ይለኛል። ክፍያዬ ሳይቀር ቀረ።


የጮቄ ንፋስ | ረቡዕ ጠዋት

አንቀጽ 3347፣ ስለ ክፍያህ አዝናለሁ። ነገሩ ግን እንደምትለው አንድ ወጥ አይደለም። ባልና ሚስት ሲጣሉ ነገሩን ለዘመድ ሽማግሌዎች የሰጠው ያው የ1952ቱ ሕግ ነው። ፍቺን ከሽማግሌ አንሥቶ ለፍርድ ቤት ያደረገው የኋለኛው የቤተሰብ ሕግ ነው። ስለዚህ ሰውየው ልማዳችንን ሁሉ በመጥረጊያ ጠራርጎ አላወጣም።


ጠበቃዋ | ረቡዕ ጠዋት

እንደምን አደራችሁ። እኔ የምሠራው ፍኖተ ሰላም ነው፤ ከደንበኞቼ ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው። እስካሁን የጠራችኋቸውን ስሞች ቆጠርኩ። አምስትም ቢሆኑ አሥር፣ ሁሉም ወንድ።

ለመሆኑ ዳቪድና ግራቨን ለእኛ ምን ትተው ሄዱ? የፍትሐ ብሔሩ አንቀጽ 581 የጋብቻን ዕድሜ ለወንድ 18፣ ለሴት 15 አደረገው። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ደግሞ ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ ካገባት ክሱ የሚቀርበት ቀዳዳ ነበረው። እናቶቻችንን ጠይቁ፤ ጠልፎ ማግባት ምን ማለት እንደነበር ይነግሯችኋል። ቀዳዳው የተደፈነው ግንቦት 1 ቀን 1997 ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ነው። ዕድሜው ለሁለቱም 18 የሆነው በ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ነው፤ በእኛ ክልል ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 79/1995።

ይህ ሁሉ በራሱ ጊዜ አልመጣም። መዓዛ አሸናፊና ጓደኞቿ የሴት የሕግ ባለሙያዎችን ማኅበር ከመሠረቱ በኋላ በር ለበር ሲያንኳኩ ከርመው ነው። ጠላፊዋን ተኩሳ የገደለችውን የ14 ዓመት ልጅ ይዘው ችሎት የቆሙት እነሱ ናቸው፤ ልጅቷም ነጻ ወጣች። እኔ ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ ያንን ጉዳይ አንብቤ ነው ሕግ መማር ምን እንደሆነ የገባኝ። ዳቪድን አንብቤ አይደለም፣ ይቅርታ።


ነገረ ፈጅ | ረቡዕ ጠዋት

ጠበቃዋ፣ እጅ ነሥቻለሁ። ግን ወ/ሮ መዓዛ በሕይወት አሉ፤ ዕድሜ ይስጣቸውና። ለቆመ ሰው ተዝካር አይወጣም።


ጠበቃዋ | ረቡዕ ቀትር

ሐውልታቸው ይቁም አላልኩም እኮ። ዝርዝራችሁ ጎደሎ ነው አልኩ።


ስደተኛው | ረቡዕ ከሰዓት

ከለንደን ነኝ፣ ትውልዴ ቢቸና። እዚህ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ውስጥ ለሕግ ሰው የተደረገውን ብነግራችሁ አታምኑኝም። ጄረሚ ቤንተም የሚባል የሕግ ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1832 ሲሞት "አጽሜን ልብሴን አልብሳችሁ ወንበር ላይ አስቀምጡኝ" ብሎ ተናዝዞ ነበር። አደረጉታ! ውስጡን በጭድ ሞልተው፣ ራሱን ከሰም ሠርተው፣ ባርኔጣውን ደፍተውለት። እስከ ዛሬ መስታወት ውስጥ ቁጭ ብሎ ተማሪ ያያል። መጀመሪያ ያየሁት ቀን አማትቤ ነው የወጣሁት።

ይህን ያነሣሁት ለሳቅ ነው። ለቁም ነገር ግን ሁለት ልጨምር። የጋና ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2016 የጋንዲን ሐውልት ግቢው ውስጥ አቆመ፤ ጋንዲ እንግዲህ ለንደን ተምሮ የወጣ ጠበቃ ነው። መምህራኑ "ይህ ሰው ደቡብ አፍሪካ ሳለ ስለ ጥቁር ሕዝብ የጻፈውን አንብባችኋል ወይ?" ብለው ተነሡ። በ2018 መጨረሻ ሐውልቱ ተነቀለ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ደግሞ በግዛቲቱ የመጀመሪያ ዋና ዳኛ በሄስቲንግስ ስም የሚጠራ የሕግ ኮሌጅ ነበር። ሰውየው ነባሮቹን ሕንዶች በማስጨፍጨፍ እጁ እንዳለበት ሲጣራ፣ ከ140 ዓመት በላይ የቆየው ስም በ2023 ተፋቀ።

ፊት ስታቆሙ የፊቱን ባለቤት ዕዳ አብራችሁ ታቆማላችሁ። ገንዘባችሁ ትንሽ ነው፤ ማቆሚያ እንጂ መንቀያ የላችሁም።


የአባይ ማዶ | ረቡዕ ማታ

ጎጃም ላይ ለሕግ ሐውልት ከማቆማችሁ በፊት በላይ ዘለቀን አስታውሱ። አምስት ዓመት ጣሊያንን መግቢያ መውጫ ያሳጣ አርበኛ ጥር 1937 ላይ በፍርድ ተሰቀለ። የእኛ አገር ሰው "ሕግ" ሲባል መጀመሪያ የሚታየው ገመዱ ነው። እንዲያውም የሐውልቱ ገንዘብ


ገላጋይ (የመድረኩ አወያይ) | ረቡዕ ማታ

የአባይ ማዶ፣ ከዚያ በታች የጻፍከውን አንሥቼዋለሁ፤ ሰው ነክቷል። የበላይ ነገር ራሱን የቻለ ክር ይገባዋል፣ ክፈትለትና እንመጣለን። እዚህ ስለ ግቢው እንነጋገር።


የአጥቢያ ዳኛ ልጅ | ሐሙስ ጠዋት

ልጆቼ፣ የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት፤ ፊደል ከተሳተ የእሷ ነው፣ ነገሩ ከተሳተ የእኔ ነው። ክሩን ከላይ እስከ ታች አንብባልኛለች።

አባቴ ደጋ ዳሞት ውስጥ አጥቢያ ዳኛ ነበሩ። አጥቢያ ዳኛ እስከ 25 ብር ያለውን ነገር ያይ ነበር፤ ትልቁ ነገር ወደ ወረዳ ይሄዳል። ጽሕፈት ቤታቸው ደጃፋችን፣ ወንበራቸው የጥድ ግንድ። እናንተ የምታነሡትን ፍትሐ ብሔር አባቴ በዓይናቸው አይተውት የሚያውቁ አይመስለኝም። ሙግት ግን ያውቁ ነበር፤ ሙግትን አውቃለሁ የሚል ባላገርም አይጠፋም ነበር።

የርስት ነገር ሲሆን ነው ማየት። ተሟጋቹ ቆሞ ትውልዱን ከአቅኚው አባት ጀምሮ ይቆጥራል፣ በእናትም በአባትም። አንድ ትውልድ ከዘለለ ባላጋራው "ቁም! የማን ልጅ ብለህ ነው የዘለልከው?" ይለዋል። ወረቀት የለም። ኩታውን አጣፍቶ፣ በትሩን ወደ ባላጋራው አቅንቶ "ተጠየቅ!" ሲል አህያ የሚነዳ መንገደኛ እንኳ ጭነቱን አራግፎ ያዳምጣል። በላ ልበልሃ የሚባለው ይህ ነው። በማር ይወራረዳሉ፣ ያለው በበቅሎ ይወራረዳል። አንዱ ጎረቤታችን በወሰን ነገር ሲሟገት ያለው እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ፦

በላ ልበልሃ፣ በላ ልበልሃ፣
ድንበር ገፊ ጎረቤት መች ያስጠጣል ውሃ፤
አያቴ አቅንቶት አባቴ ያረሰው፣
ምን ዳኛ ፈቅዶ ነው በሌሊት የምታርሰው?

አባቴ ሳቁ፣ ግን አልፈረዱለትም። "ግጥምህ ጥሩ ነው፣ ምስክርህ ግን የለም" አሉት። ሰውየው ማሩን ከፈለ። ከዚያ በኋላ እኛ ልጆች ከብት ስንጠብቅ ጨዋታችን እሱ ሆነ፤ አንዱ ዳኛ፣ አንዱ ከሳሽ፣ አንዱ ቁራኛ። የተሸነፈ የሌላውን ከብት ሲመልስ ይውላል።

በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ መጣ። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ገበሬው ከግብሩ ይልቅ የፈራው ልኬታውን ነው፤ ቀላድ ሊጣልብን ነው፣ ርስታችን ሊሄድ ነው ብሎ ተነሣ። ዳሞት ብቻ አይደለም፣ ሞጣም ቢቸናም። በመጨረሻ አገረ ገዥው ተነሡ። አባቴ ስለዚያ ጊዜ ሲጠየቁ የሚሉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ "አዋጅ የሚያነብ መጣ፣ የሚያስረዳ ግን አልመጣም።"

አንድ ነገር ጨምሬ ልተዋችሁ፤ የልጅ ልጄ ትምህርት ቤት ይረፍድባታል። ዘጠኝ ዓመት ቢሆነኝ ነው፤ ገበያ ላይ ሁለት ጎረምሶች በሽመል ተያያዙ። ሰው ሁሉ ፈርቶ ቆሟል። አንዲት ጠላ ሻጭ አሮጊት ከተቀመጡበት ሳይነሡ "በሕግ አምላክ!" አሉ። ጮክ ብለው እንኳ አልነበረም። የአንዱ ሽመል ወደ ላይ እንደተነሣ ቀረ። በሕግ አምላክ ሲሉት ወራጅ ውሃ ይቆማል ይባል የለ? አሮጊቷ ፖሊስ አልነበሩም፣ ዳኛ አልነበሩም፣ ፊደል አይለዩም። ጎረምሶቹ ግን ቆሙ።

እና ልጄ የጮቄ ንፋስ፣ ለፈረንጁም ቢሆን ለሌላው ቅር አይለኝም። ግን እነዚያን ጎረምሶች ያስቆማቸው ማን ነው? ስሙን አላውቀውም።


ተማሪው | ሐሙስ ቀትር

አባባ፣ ይህን ክፍል ውስጥ ያስተማረን ሰው የለም። አመሰግናለሁ። የልጅ ልጅዎንም።

እኔ አሁን አራተኛ ዓመት ነኝ፣ የየትኛው ግቢ እንደሆነ አልልም፤ የጮቄ ንፋስ ግን ሳይገምት አይቀርም። ሐውልት ካቆማችሁልን ምን እንደሚሆን ልንገራችሁ። የምርቃት ቀን ፎቶ እንነሣበታለን። በሌላው ቀን የካፌ ወረፋ ስንጠብቅ እንደገፍበታለን። በቃ።

የጎደለንን ልንገራችሁ? ችሎት የምንለማመድበት ቦታ የለንም። "ሙት ኮርት" ይሉታል፤ ስሙ ራሱ "ሙት" ይላል፣ እኛ ዘንድ በእርግጥም ሞቷል። ውድድር ሲመጣ ባዶ ክፍል እየለመንን ነው፤ ሌላ ትምህርት ክፍል ፈተና አለው ሲባል ተከሳሹን ይዘን ኮሪደር ላይ እንወጣለን። አንድ ጊዜ ይግባኝ እየተከራከርኩ የጽዳት ሠራተኛዋ "ልጄ፣ እግርህን አንሣ" አለችኝ። እግሬን አንሥቼ ቀጠልኩ።


ድንጋይ ጠራቢ | ሐሙስ ማታ

የሕግ ሰው አይደለሁም፤ ሥራዬ በስሜ ላይ አለ። ስለ ነሐስ የምታወሩትን አይቼ ነው የገባሁት።

በዚያ ገንዘብ ነሐስ የሚሰጣችሁ ሰው ካለ ሲሚንቶ ቀልሞ ነው የሚሰጣችሁ። የጮቄን ብርድና ዝናብ ታውቁታላችሁ፤ በሁለተኛው ክረምት ጆሮው ይላጣል፣ በሦስተኛው አፍንጫው ይወርዳል። የማታውቁትን ሰው ፊት ከፎቶ ማስቀረጽም አደጋ አለው፤ አንዱ ጓደኛዬ የአንድ አርበኛ ሐውልት ሠርቶ ቤተሰቡ ሲያየው "ይህ ያንተ አጎት ነው" አሉት። እውነትም አጎቱን ይመስል ነበር።

ጥቁር ድንጋይ አገራችን ሞልቷል። መቀመጫ ልጠርብላችሁ፣ ፊደል ልቅረጽላችሁ። ፊደል አይላጥም። ዋጋው በፊደል ስለሆነ አሳጥሩት ብቻ።


የቆሎ ተማሪ | ዓርብ ጠዋት

ዘግይቼ ነው የገባሁ። ዋሸራ ቅኔ ቆጥሬ፣ ኋላ ነው ዘመናዊ ሕግ የተማርኩት፤ ስለዚህ በሁለቱም ጉባኤ ተገርፌያለሁ።

"ፈረንጅ" እያላችሁ ትጣላላችሁ። ፍትሐ ነገሥትስ ከወዴት የመጣ መሰላችሁ? በ13ኛው መቶ ዘመን ግብጽ ውስጥ የቅብጥ ሊቅ የሆነው ኢብን አል አሳል በዐረብኛ የሰበሰበው ነው። 51 አንቀጽ አለው፤ 22ቱ ለቤተ ክህነት፣ 29ኙ ለሥጋዊው ነገር። ወደ ግእዝ ተመለሰ፣ ከዚያ የሊቃውንት ትርጓሜ ቤት ገባ። የኔታ አንዱን ቃል ይዘው "አንድም፣ አንድም" እያሉ ሲያወርዱት ዐረብኛነቱ ከየት ይገኛል? ስንት ዘመን ነገሥታቱ ፈረዱበት፣ ባላገሩም ሳያነበው "ፍትሐ ነገሥት እንዲህ ይላል" እያለ ማለበት። የእኛ ያደረጉት ተርጓሚውና መምህሩ ናቸው።

የዳቪድም ነገር ያው ነው። ረቂቁ ፈረንሳይኛ ነበር፤ እኛን የሚገዛን ግን አማርኛው ነው። ሁለቱ ቢጋጩ የሚጸናው አማርኛው ነው፤ ይህንን እያንዳንዱ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ያውቃል። አማርኛውን ማን ጻፈው? ቁጭ ብለው ለእያንዳንዱ የፈረንጅ ቃል የአገር ቃል የፈለጉ ሰዎች ነበሩ። ጊዜ ያለፈበት ክስ የሚታገድበትን ደንብ "ይርጋ" አሉት። ከረጋ የወጣ ነው፤ ነገሩ ይርጋ፣ ይተኛ፣ አትነካኩት ማለት ነው። እንዴት ያለ ቃል ነው! በሌላ ሰው ንብረት ፍሬ መጠቀምን "አላባ" አሉት። መሬት አስይዞ ፍሬው በወለድ የሚታሰብበትን ውል "ወለድ አገድ" አሉት፤ ይኸንን ጎጃሜ ገበሬ ያለ መዝገበ ቃላት ያውቀዋል። "ኑዛዜ"ን ከንስሐ አባት ደጅ አመጡት። ልጅ ለማሳደግ ደግሞ ከኦሮሞ ወገኖቻችን "ጉዲፈቻ"ን ወሰዱ፤ አሁን መራዊም ቢሆን ሌላ ስም የለውም።

እኔ ቃል ስቆጥር ያደግሁ ሰው ነኝና አድልዎ ይኖርብኛል። ግን 3,367 አንቀጽ በዚህ ዓይነት አማርኛ ማቆም ከማርቀቅ ያነሰ ሥራ ነው የሚለኝ ካለ፣ ይምጣ፣ ተጠየቅ እለዋለሁ።


ነገረ ፈጅ | ዓርብ ጠዋት

በማር ነው በበቅሎ?


የቆሎ ተማሪ | ዓርብ ጠዋት

በቆሎ። ከዚያ በላይ የለኝም።


አንቀጽ 3347 | ዓርብ ቀትር

እኔ እንኳ "ይርጋ" ላይ ተሸንፌያለሁ። አሥራ ሁለት ዓመት ስጽፈው ከየት እንደመጣ አንድ ቀን አስቤ አላውቅም።


ጠበቃዋ | ዓርብ ቀትር

የቆሎ ተማሪ ያለውን እቀበላለሁ፣ በአንድ ነገር። "ጠለፋ" የሚለውንም ቃል እነዚያው ሰዎች ናቸው የመረጡት፤ አማርኛው ውብ የሆነ ቦታ ሁሉ ውስጡ ውብ አይደለም። ተርጓሚዎቹን ካሰባችሁ ያሻሻሉትንም ሴቶች አስቡ። ፊት ካላቆማችሁ ደግሞ የማንንም ፊት መምረጥ አይኖርባችሁም፤ ለዚያ ነው ሐሳቡ የጣመኝ።


የጮቄ ንፋስ | ቅዳሜ ማታ

ዛሬ ተሰብስበን ነበር፤ ክሩን በሙሉ አተምኩና ይዤው ሄድኩ። ሁለቱ አነበቡት፣ ሌሎቹ አንብቤዋለሁ አሉ።

ዳቪድን ተውኩት። ልቤ ትንሽ ቅር ብሎታል፣ አልዋሽም። ሐሳቡ አሁን እንዲህ ነው። ሕግ ትምህርት ቤቱ ጓሮ ሁለት ትልልቅ ጥዶች አሉ፤ ተማሪው ያውቃቸዋል። በእነሱ ሥር በክብ የተጠረበ ጥቁር ድንጋይ መቀመጫ፣ ለሃያ ሰው የሚበቃ። ለዳኞቹ ከፍ ያለ ሦስት መቀመጫ፣ መሐሉ ደግሞ ለሚከራከረው የሚቆምበት ጠፍጣፋ ድንጋይ። ኮሪደር ላይ እግር ማንሣት ቀረ። ለክረምት ቆርቆሮ ክዳን ያስፈልገዋል፤ ለእሱ ገንዘብ ጎድሎናል፣ ሁለተኛ ዙር እንጠይቃለን።

በበጋ ወራት በየአሥራ አምስት ቀኑ አንድ ክርክር እንዲደረግበት ትምህርት ክፍሉን እንለምናለን። በዓመት አንዴ ደግሞ በበላ ልበልሃ ሥርዓት፣ ያለ ወረቀት፣ ቆሞ። አባባ፣ በመጀመሪያው ቀን ዳኛ ሆነው ይቀመጡልን ዘንድ እንለምንዎታለን። መኪና እንልካለን።

አጠገቡ አንድ ድንጋይ ይቆማል። ስም አይኖርበትም። የፍትሐ ብሔሩ የመጀመሪያ አንቀጽ ብቻ ይቀረጽበታል፣ ሰው ከተወለደበት ጀምሮ እስኪሞት የመብት ባለቤት ነው የሚለው። አጭር ነው፣ ለድንጋይ ጠራቢም ለኪሳችንም ይስማማል። ከሥሩ "ይህን በአማርኛ ላቆሙት" የሚል።

የተጣላንበት አንድ ነገር ቀርቷል። አንቀጹን አምስታችን በቃላችን ስንለው አምስት ዓይነት ሆነ። አንዱ "ከተወለደበት ቀን" ይላል፣ ሌላው "ጊዜ" ይላል። ገበያ ላይ ያሉት ቅጂዎች ደግሞ ሲታተሙ ሲታተሙ ፊደላቸው ተቀያይሯል። ድንጋይ ላይ ስሕተት መቅረጽ አንፈልግም። የ1952ቱ ነጋሪት ጋዜጣ፣ ዋናው እትም፣ ያለው ሰው ይኖራል?


ድንጋይ ጠራቢ | ቅዳሜ ማታ

ቀን ይሁን ጊዜ እናንተ ተነጋገሩ። እኔ የምፈልገው "ሕግ" የሚለውን በየትኛው ሃ እንደምቀርጽ ነው። አንዴ ከመታሁ አልመልሰውም።


የቆሎ ተማሪ | ቅዳሜ ማታ

በሐመሩ ሐ! ሌላ ከቀረጽክ ሌሊት መጥቼ እፍቀዋለሁ።


ተማሪው | ቅዳሜ ሌሊት

የኛ ኖት ሁሉ በሃሌታው ሀ ነው የተጻፈው። መምህሮቻችንም እንደዚያ ነው የሚጽፉት።


የቆሎ ተማሪ | ቅዳሜ ሌሊት

ለዚያ ነው ሙት ኮርታችሁ የሞተው።


ጠበቃዋ | እሑድ ጠዋት

እዚህ ፍኖተ ሰላም አንድ ጡረታ የወጡ ዳኛ አሉ፤ መጽሐፋቸውን በሻሽ ጠቅልለው ነው የሚያስቀምጡት። ከቅዳሴ መልስ ሄጄ ጠየቅኳቸው። ጋዜጣው አላቸው፣ አማርኛውና እንግሊዝኛው ጎን ለጎን። "አላውሰውም፣ እዚሁ መጥታችሁ ግልበጡ" ብለዋል። ፎቶ ማንሣትም አልፈቀዱልኝም፤ በእጅ ነው የሚገለበጠው አሉ። ማክሰኞ ከሰዓት ቤታቸው ነኝ፤ የሚመጣ ካለ እስክሪብቶና ሁለት ኪሎ ስኳር ይዞ ይምጣ።


የአጥቢያ ዳኛ ልጅ | እሑድ ከሰዓት

የጮቄ ንፋስ፣ እመጣለሁ። መኪናውን ጠዋት ላክልኝ፣ ከሰዓት ዝናብ ነው። ለዳኛው መቀመጫ ድንጋይ አትበሉ፤ ወገቤ አይችለውም፣ የአባቴን ግንድ ይዤ እመጣለሁ።